ግሪንሃውሱ ይቆይ፣ በችግኝ ይጀመር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት አለፈው። አባታችን መቂ አካባቢ ሩብ ሄክታር መሬትና አንድ የእጅ ጉድጓድ አላቸው። ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ በግሪንሃውስ ውስጥ ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ ቲማቲም እናምርት፣ አንቺ ግሪንሃውሱን ግዢልን ይሉኛል። ገንዘቡን ሁለት ዓመት ሙሉ ደርቤ እየሠራሁ ነው ያጠራቀምኩት። ልጆቹ ራሳቸውን እንዲችሉ እፈልጋለሁ፤ ግን ላቤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር እፈራለሁ። ልላክላቸው ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመስኖና በአትክልት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ እንደ ወንድምዎ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። ገንዘቡን ለእርሻው ያውሉት፤ ግሪንሃውሱን ግን አይግዙ። ሩብ ሄክታር ላላቸውና ገና ለሚጀምሩ አራት ወጣቶች ከዚያ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ቶሎም ብር የሚያሳይ መንገድ አለ።

ግሪንሃውሱን ለምን እንደማልደግፈው ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መጋቢት ውስጥ፣ የተደራጁ ወጣቶች ወደተከሉት አንድ ግሪንሃውስ፣ የፕላስቲክ ቤት፣ ገብቼ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። በሩ አጠገብ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 43 ዲግሪ ይላል። ቲማቲሙ ቁመቱ ከእኔ በላይ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለፎቶ የሚያምር ነበር። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳየው ግን ቢጫ አበባ ተነጥፎበታል። ገና ያልወደቁትን በጣቴ ስነካቸው ከአንገታቸው እየተቀነጠሱ መዳፌ ላይ ቀሩ። የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ብናኝ ፍሬ የማስያዝ አቅሙን ያጣል፤ ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ይብስበታል። በዚያ ላይ የተዘጋ ቤት ውስጥ አበባውን የሚነቀንቅ ነፋስ የለም። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ ባምብል የሚባል ንብ በሣጥን እየተገዛ ይገባል። ልጆቹ ይህን ሁሉ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቤቱን የሸጠላቸው ሰው ያወራላቸው ስለ ምርቱ ብዛት ነው። ከመካከላቸው አንዷ «መድኃኒት ቢረጭስ ይይዝ ይሆን?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት ጨንቆኝ እንደነበር አልረሳውም።

ባቱ (ዝዋይ) ያሉት ትልልቅ የአበባ እርሻዎች በግሪንሃውስ አይደለም ወይ የሚሠሩት ይሉኝ ይሆናል። ነው። ግን እነሱ ተጠባባቂ ጄኔሬተር አላቸው፣ ሙቀቱንና ማዳበሪያውን ቀን ከሌት የሚከታተል ባለሙያ አላቸው፣ ምርታቸውንም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚሸጡት። ያለ አፈር ማምረት ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ውሃው በቀጭን ቦይ እየፈሰሰ ሥሩን የሚመግብበት ዓይነት ከሆነ፣ በሞቃት ቀን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ጥቂት ሰዓት ቢቆም ተክሉ ይጠወልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎበት የተመረተው ቲማቲም አዲስ አበባ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሲደርስ፣ ሜዳ ላይ ከበቀለው ጋር እኩል ሣጥን ውስጥ ገብቶ በእኩል ዋጋ ይሸጣል። ገዢው በምን እንደተመረተ አይጠይቅም። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

እንግዲህ መቂ ላይ ገበሬው ዘወትር የሚቸገርበት፣ ገንዘብ ከፍሎም ቢሆን የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ጤነኛ ችግኝ ነው።

ገበሬው የቲማቲም ዘር ገዝቶ መደብ ላይ ይዘራል። የተዳቀለ ዘር ዛሬ በፍሬ ተቆጥሮ የሚሸጥ ውድ ዕቃ ሆኗል። መደቡ ላይ ግማሹ ከግንዱ ሥር ቀጥኖ ይወድቅበታል፤ የተረፈውን ነጭ ዝንብ ቫይረስ ታስይዘዋለች፤ ሲነቀል ደግሞ ሥሩ ይቆረጥና ማሳ ላይ ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪም ብዙ ጊዜ ከችግኙ ጋር ተጭኖ ነው ማሳ የሚደርሰው።

ወንድምዎና ጓደኞቹ ይህንን ችግር ነው ሥራቸው ማድረግ የሚችሉት። የሚያስፈልጋቸው ጥቅጥቅ ባለ የነፍሳት መረብ የተሸፈነ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድርብ በር ያለው 100 ካሬ ሜትር ቤትና የችግኝ ትሪ (እያንዳንዱ ችግኝ በየራሱ ቀዳዳ የሚበቅልበት ዝርግ ዕቃ) ነው። መረቡ ነፍሳቱን ይከለክላል፣ አየር ግን ያስገባል፤ ስለዚህ እንደ ፕላስቲክ ቤት አይግልም። ዋጋውም ከግሪንሃውሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ100 ካሬ ሜትሩ መተላለፊያው ሲቀነስ 60 ካሬ ሜትር ይተርፋል ብንል፣ ባለ 128 ቀዳዳ ትሪ አንዱ 0.15 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚይዝ 400 ትሪ ይደረደራል። ይህ 51,200 ቀዳዳ ነው። አሥር በመቶው ባይበቅል ወይም ቢበላሽ እንኳ 46,000 ችግኝ ይወጣል። ቲማቲም በ1 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ሄክታሩ 33,000 ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ አንዷ ትንሽ ቤት በአንድ ዙር ወደ አንድ ሄክታር ተኩል የሚጠጋ ማሳ ታለብሳለች ማለት ነው። አንዱ ዙር የሚፈጀው ከ25 እስከ 35 ቀን ነው። የቲማቲም ገበያ ሲቀዘቅዝ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፓፓያ ይተካል።

ወጣት ግብርናውን ጥሎ የሚሄደው ሥራው ስለሚከብደው ብቻ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ጠንካራ ሠራተኞች ናቸው። የሚያባርራቸው አራት ወር ሙሉ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ መጠበቁ ነው። ተክሎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ መድኃኒት ረጭቶ፣ ለምሳ እናቱን ብር የሚለምን ልጅ ሁለተኛውን ዙር አይተክልም፤ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይም የባሰውን መንገድ ይመርጣል። ችግኝ ግን በወሩ ይሸጣል። ደንበኛው ዘሩን ራሱ አምጥቶ የማብቀያ ዋጋ ብቻ እንዲከፍል፣ ከክፍያውም ግማሹን በቅድሚያ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ሲሆን ልጆቹ የዘር ዕዳ ውስጥ አይገቡም። ለእርሻ የሚሆን መሬት የሌላቸው ሦስቱ ጓደኞችም በእውቀታቸው ባለ ድርሻ ይሆናሉ።

ጥቂት የሙያ ነገር ልጨምር፤ ይህንን ለወንድምዎ ያንብቡለት። ዘሩ የሚበቅልበትን ድብልቅ ከውጭ በሚመጣ የኮኮናት ገለባ ላይ ብቻ አይመሥርቱት። በደንብ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ በአካባቢው ከሚገኘው ከውሃ ከሚቀለው ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከደቀቀው ጋር ቢቀላቀል ጥሩ ይይዛል። ድብልቁን አርጥበው፣ በስሱ ዘርግተው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍነው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ፀሐይ ያስመቱት፤ ችግኝ የሚጥለውን በሽታ አብዛኛውን የሚገድለው ይህ ነው። የተገለገሉበትን ትሪ ሳያጥቡ ዳግም አይዝሩበት። ሊተከል የደረሰን ችግኝ ለመለየት አንዱን በግንዱ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ሥሩ አፈሩን አቅፎ እንደ ቡሽ ተጠቅልሎ አንድ ላይ ከወጣ ደርሷል፤ አፈሩ ከተበተነ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከታች ከተጠማዘዘ ደግሞ አልፎበታል፤ እሱን ለገበሬ አይሽጡ። የመጀመሪያው ዓመት ስማቸው የሚሠራበት ነው። አንድ ገበሬ የታመመ ችግኝ ከወሰደ መንደሩ ሁሉ በሳምንቱ ይሰማል።

ሩብ ሄክታሩስ? እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል፤ በጠብታ መስኖ። ግን ቱቦ ከመገዛቱ በፊት ጉድጓዱ ይመርመር።

በዚያ አካባቢ በደረቁ ወራት ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ያህል ይፈልጋል እንበል። ለሩብ ሄክታር 12.5 ሜትር ኩብ ነው፤ በጠብታ መስኖም የሚባክነውን ስንጨምር 14 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሁን ወደ ጉድጓዱ እንሂድ። ስፋቱ 1.2 ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት የሚይዘው 1.1 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ውሃ ካለው 3.4 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሩብ ሄክታሩን ለማጠጣት ጉድጓዱ በየቀኑ አራት ጊዜ ተሟጦ አራት ጊዜ መሙላት አለበት። ይሞላል? ይህን ከመቂ ሆኖ ገመድና ድንጋይ ይዞ መለካት እንጂ ከሜሪላንድም፣ ከእኔ ጠረጴዛም ማወቅ አይቻልም። ጥርና የካቲት ላይ፣ ውሃው በሚቀንስበት ወቅት፣ በሞተር ሞጥጠው በየሰዓቱ ስንት እንደተመለሰ ይመዝግቡ። በቀን የሚመለሰው ከሚያስፈልገው ግማሹ ያህል ከሆነ ግማሹን መሬት ብቻ ያልሙ። ጉድጓድ የማይችለውን መሬት መትከል በአካባቢው ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚደጋገመው ነው።

ቀጥሎ የውሃው ጥራት። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ አንዳንድ ቦታ ጨውና ባይካርቦኔት የሚባል ማዕድን ይበዛዋል። አንድ ጠርሙስ ውሃ ባቱ ወዳለው የአፈር ምርምር ማዕከል ወይም ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ። የጨው መጠኑ ከ0.7 ዴሲ ሲመንስ በሜትር (ላቦራቶሪው ጨውን የሚለካበት መለኪያ ነው) በታች ከሆነ ሥጋት የለም፤ ከ3 ከበለጠ ለአትክልት አይሆንም፤ በመካከል ያለው እንደ ሰብሉና እንደ አያያዙ ነው። ሽንኩርት ጨው ቶሎ ይጎዳዋል፤ ቲማቲም ይሻላል።

ፓምፑን በፀሐይ ቢያደርጉት እደግፋለሁ። ውሃውን በጠቅላላው 15 ሜትር ማንሳት ቢያስፈልግ፣ 14 ሜትር ኩብ ለማውጣት የሚፈለገው ጉልበት 570 ዋት ሰዓት ያህል ነው። የፓምፑ ብቃት 40 በመቶ ቢሆን 1,430 ይሆናል፤ በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ጥሩ ፀሐይ ስላለ 260 ዋት፤ የአቧራውንና የሙቀቱን ብክነት ሲደምሩበት ወደ 350 ዋት። ሁለት መካከለኛ ፓኔል ይበቃል። ይህን የምዘረዝረው ከዚህ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ ነው። አንድ ሻጭ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ካልሠራላቸው ከእሱ አይግዙ።

ማጣሪያውን ለመቆጠብ አይሞክሩ። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ማሳ ላይ ግማሹ መስመር አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ቱቦውን በምላጭ ሰንጥቄ ከፈትኩት፤ የጠብታ ማውጫው በነጭ ኖራ መሰል ነገር ተደፍኗል። ልጆቹ ለመደበኛ እርሻ የሚታደለውን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በርሜል ውስጥ በጥብጠው በቱቦው ለቀውት ነበር። ኤንፒኤስ ለአፈር እንጂ ለቱቦ የተሠራ አይደለም፤ በደንብ አይሟሟም፤ ፎስፈረሱም ካልሲየም ከሚበዛው ውሃ ጋር ተገናኝቶ ይጋገራል። ዩሪያ ግን ይሟሟል፤ በቱቦ መሄድ ይችላል። ኤንፒኤሱ በተከላ ጊዜ አፈር ውስጥ ይቀበር። የመስመሮቹ ጫፍም በየሳምንቱ ተከፍቶ ይታጠብ። አንድ ወቅት ሙሉ የወጣበት ሰብል በእንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ ያየ ሰው ደጋግሞ ቢናገር አይፈረድበትም።

ስለ ዘላቂነትም የማልደብቀው ሥጋት አለኝ። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ያለው ገበሬ ቤንዚኑን እያሰበ ያጠፋዋል። ፀሐይ ግን በነፃ ስለሆነች ፓምፑ ከጧት እስከ ማታ ሲጎትት ይውላል። ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ካደረገ ጉድጓዶቹ ይወርዳሉ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውሃው ተሟጦ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው ውሃ መመለስ የጀመረው። ከመቂ በስተደቡብ ያለው የአብጃታ ሐይቅም፣ ወደሱ የሚፈሰው ውሃ ከላይ እየተጠለፈ፣ ከራሱ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ምርት እየተሳበ ምን ያህል እንደሸሸ ለአካባቢው ልጅ አይነገርም። ስለዚህ ልጆቹ አፈር ውስጥ የሚቀበር የእርጥበት መጠቆሚያ ይግዙ፤ ውሃው የሥሩ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ቀይ ምልክቱ ብቅ የሚለው ዓይነት ርካሽም ነው፣ ባትሪም አይፈልግም። ምልክቱ ብቅ ካለ ፓምፑ ይዘጋል። ከቴክኖሎጂ ሁሉ ለእነሱ በጣም የሚጠቅማቸው ይኼ ይመስለኛል።

ድሮን ለአሁን አያስፈልጋቸውም፤ ፈቃድም ይጠይቃል። በስልክ የሚሠራ ሴንሰርም እንደዚያው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው፣ የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር በነፃ ነው፤ ይደውሉበት። ወጪና ገቢያቸውን ግን በየቀኑ ይመዝግቡ፤ በስልክም ይሁን በደብተር።

ገበያውን በተመለከተ፣ መቂ ላይ ደላላውን ማለፍ ከባድ መሆኑን ያውቁታል። አይሱዙ በር ላይ ቆሞ፣ ቲማቲሙ ቀልቶ፣ «ዋጋው ወርዷል» ሲባል ልጁ አማራጭ የለውም። አማራጩ የሚፈጠረው ተከላው ላይ ነው። ለምሳሌ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአትክልት ፍላጎት ያኔ እንደሚጨምር ማንም ያውቃል። ቲማቲም ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያው ለቀማ ሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ችግኙ ደግሞ አንድ ወር። ከጾሙ ወደ ኋላ ሲቆጠር ዘሩ ትሪ ውስጥ የሚገባው ጥቅምት ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አይትከሉ፤ በሦስት ሳምንት ልዩነት በሦስት ቢከፍሉት አንዱን የወረደ ዋጋ ቢገጥመው ሌላው ይደርሳል። ክረምት ላይ ቲማቲም የሚወደደው ምች የሚባለው የተክል በሽታ ስለሚያጠፋው ነው፤ ዋጋውን አይተው በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ላይ እንዳይገቡበት። ደረቁ ወቅት ላይ ሽንኩርትም ይሞክሩ፤ ቦምቤ ሬድ ገበያው የለመደው ዝርያ ነው፤ በደንብ ከደረቀ እንደ ቲማቲም በሁለት ቀን አያስጨንቅም።

አሁን ወደ ገንዘብዎ ልምጣ። በአንድ ጊዜ አይላኩት፤ በሦስት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ለውሃ ምርመራው፣ ለመረብ ቤቱና ለትሪው። ሁለተኛው፣ ሁለት ዙር ችግኝ ሸጠው መዝገቡን ካሳዩዎት በኋላ፣ ለጠብታ መስኖውና ለፓምፑ። ሦስተኛው አንድ ዙር ሲበላሽ የሚደርስ መጠባበቂያ ሆኖ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ይበላሻልና፤ አንድ ዙር ያልተበላሸበት አትክልተኛ አላውቅም። ስጦታም አይሁን። ያለ ወለድ ብድር ነው ብለው በወረቀት ያስፈርሙ፤ ሲመልሱ ለሌሎች ልጆች ማበደር ይችላሉ። ከዓመት በኋላ ሥራውን ማስፋት ሲፈልጉ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ የሚባል አገልግሎት አለው፤ ማሽኑ ዕዳው እስኪያልቅ የባንኩ ሆኖ ይቆያል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ለብድር ዋስትና መሆን ይችላል። ለሁለቱም ግን የዓመት መዝገብ ያለው ሰው ነው የሚደመጠው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ የአራቱ ልጆች ነገር ነው። መሬቱ የአባታችሁ ነው። ዛሬ ሁሉም ወንድማማች ናቸው፤ ሥራው ሲሰምር ግን «መሬቱ የእኛ ነው» የሚል ቃል አንድ ቀን ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል፤ ሳይወጣም ሦስቱ ልብ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት አባትዎ ባሉበት፣ ሁለት ሽማግሌ ተቀምጦ ይጻፍ፤ መሬቱ ለስንት ዓመት ተሰጠ፣ ለአባትዎ በዓመት ስንት ይከፈላቸዋል፣ የሚወጣ ሰው ድርሻው እንዴት ይታሰባል፣ የባንክ ሒሳቡ በስንት ፊርማ ይንቀሳቀሳል። የመሬት ኪራዩ ውልም መሬት አስተዳደር ጋ ይመዝገብ። አባትዎን በነፃ እንዲሰጡ አይጠይቋቸው፤ ትንሽም ብትሆን ኪራይ መቀበላቸው ለልጆቹም ለእሳቸውም ክብር ነው። ወንድምዎ ለጓደኞቹ አለቃ እንዳይሆንም ይምከሩት፤ ገንዘቡ ከእህቱ ስለመጣ ብቻ ድምፁ ሊበልጥ አይገባም።

ለዚህ ሳምንት ወንድምዎን ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ጉድጓዱ ከተሞጠጠ በኋላ በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር ይመለሳል፣ የውሃው የላቦራቶሪ ውጤት ስንት ነው፣ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ የሚተክሉ ስንት ገበሬዎች አሉ፣ ችግኙንስ ዛሬ ከየት ያመጣሉ? መልሱን እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የመረብ ቤቱን ልክና የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ከዚያ ተነስቼ አዘጋጅላቸዋለሁ።